ግንብ ብቻውን ቤት አያድንም፦ ጎርፍና ማዕበልን የሚችል ሕንፃ ምን ይፈልጋል?

በ2018 ኦክቶበር ወር ሃሪኬን ማይክል የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳ ውስጥ ሜክሲኮ ቢች የምትባለውን ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ መታት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነፋሱ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይምዘገዘግ ነበር። ባሕሩም ከተማዋ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከአየር ላይ በተነሱት ፎቶዎች ከዳርቻው አጠገብ የነበሩት ሰፈሮች ድራሻቸው ጠፍቷል። የቀረው ባዶ ወለልና የተሰባበረ እንጨት ነው። ከመሃል ግን አንድ ቤት ቀጥ ብሎ ቆሟል። መስኮቶቹ እንኳን ከሞላ ጎደል ደህና ናቸው።

ተአምር የመሰለው ሰው ብዙ ነበር። ግን ተአምር አልነበረም። ቤቱ የተሠራው በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ነው። ግድግዳው ፌሮ የገባበት አርማታ ነው። ጣሪያው ከግድግዳው ብዙም አልፎ ስለማይወጣ ነፋሱ ይዞ የሚገነጥለው ጠርዝ አላገኘም። ከሥር የነበሩት ደረጃና ግድግዳዎች ግን በውሃው ተወስደዋል። ሲሠሩም ውሃ ሲመጣ በቀላሉ ተላቅቀው እንዲሄዱ ታስቦ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ የመጨረሻው ነገር ነው። ቤቱ የተረፈው ውሃውን ስላገደ አይደለም። ከውሃው በላይ ስለነበረና ውሃው ከሥሩ እንዲያልፍ ስለተወው ነው። ስለ ጎርፍ መከላከል ሲወራ አብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታየን ግንብ ነው። ግንብ የራሱ ቦታ አለው፣ ወደ እሱ እመጣለሁ። ግን ከግንቡ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች እየተዘለሉ ነው ቤት የሚፈርሰው። ቤቱ የቆመው የት ነው? ወለሉ ምን ያህል ከፍ ብሏል? ጣሪያው ከግድግዳው፣ ግድግዳው ከመሠረቱ ጋር ታስሯል ወይ?

ውሃ በምን ጉልበት ያፈርሳል?

አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። ይሄን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ለቤት ምን ማለት እንደሆነ ግን ብዙም አናሰላውም። ከአንድ ግድግዳ ውጭ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ተኝቷል እንበል። አይንቀሳቀስም፣ ዝም ያለ ውሃ ነው። በእያንዳንዱ ሜትር የግድግዳ ርዝመት ላይ ግማሽ ቶን የሚሆን ግፊት ያሳርፋል። ግድግዳው 5 ሜትር ከሆነ ሁለት ቶን ተኩል መሆኑ ነው። ውሃው 2 ሜትር ቢደርስስ? ግፊቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። አስር ቶን! ተራ የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ የሚሠራው ከላይ የሚመጣውን ክብደት እንዲሸከም ነው። ከጎን እንዲህ ሲገፉት አይችልም።

ለዚህም ነው የዘርፉ ባለሙያዎች መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ የሚያጋባ ምክር የሚሰጡት። ውሃው ከ90 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊደርስ የሚችል ከሆነ ተራ ቤትን ዙሪያውን ደፍኖ ውስጡን ደረቅ ለማድረግ መሞከር አይመከርም። በሩን በብረት ዘግታችሁ፣ ግድግዳውን ውሃ በማያስገባ ቀለም ቀብታችሁ፣ በአሸዋ ከረጢት አጥራችሁ ውሃውን ውጭ ብታስቀሩት፣ የውጭው ግፊት ግድግዳውን ወደ ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ውሃው ቢገባ ግን ግፊቱ ከሁለቱም ወገን ይመጣጠናል። ወለሉና ዕቃው ይበላሻል፣ ቤቱ ግን ይቆማል።

ወደ ላይ የሚገፋ ጉልበትም አለ። 100 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ ቤት ውሃ ሳይገባበት ግማሽ ሜትር ውሃ ውስጥ ቢቆም፣ ውሃው በ50 ቶን ጉልበት ወደ ላይ ያነሳዋል። ቀለል ያለ የእንጨት ቤት ከመሠረቱ ጋር በብሎን ካልታሰረ እንደ ጀልባ ተነስቶ ይሄዳል። በአፈር የተቀበረ ባዶ የነዳጅ ታንክ በጎርፍ ጊዜ መሬቱን ሰንጥቆ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ቆመ ውሃ ነው። የሚሮጥ ውሃ ደግሞ ሌላ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያሳርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ጎርፍ ትልቅ ሰው ይጥላል። 60 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል። ያን ጊዜ ቤቱን የሚመታው ውሃ ብቻ አይደለም። መኪና፣ ግንድ፣ የጎረቤት ጣሪያ አብሮ ይመጣል። ባሕር ዳር ላይ በዚህ ላይ ማዕበል ይጨመርበታል። ግማሽ ሜትር የማይሞላ ከፍታ ያለው ማዕበል እንኳን እየደጋገመ ሲሰበርበት ተራ ግድግዳ አይቋቋመውም።

ከዓይን የሚሰወረው ጉዳት ከመሬት በታች ያለው ነው። ውሃ በምሰሶ ወይም በቤት ማዕዘን ዙሪያ ሲሽከረከር አፈሩን እየቦረቦረ ይወስዳል። መሠረቱ ጥልቀት ከሌለው ግድግዳው አንድም ስንጥቅ ሳይኖረው ቤቱ እንዳለ ይጋደማል። በአሸዋ ላይ የሚሠራ ቤት ምሰሶው በጣም ጠልቆ የሚተከለው ክብደት ለመሸከም ብቻ አይደለም። የላይኛው አሸዋ ተጠርጎ ካለቀ በኋላም ቤቱን የሚይዝ መሬት እንዲቀር ነው።

ከፍታ ከሁሉም ይቀድማል

ካምቦዲያ ውስጥ ቶንሌ ሳፕ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። በደረቁ ወቅት ጥልቀቱ 1 ሜትር ገደማ ነው። በዝናቡ ወቅት የሜኮንግ ወንዝ ሲሞላ ውሃው ተገልብጦ ወደ ሐይቁ ይፈስስና ጥልቀቱ 9 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዙሪያው ያሉ መንደሮች ቤታቸውን በረጃጅም እንጨቶች ላይ ይሠራሉ። ጎርፉ ለእነሱ ድንገተኛ አደጋ አይደለም፣ በየዓመቱ የሚጠብቁት ነገር ነው። ቤታቸውን የሠሩትም ይህን አውቀው ነው።

ሙሉ ከተማ ከፍ ያደረጉም አሉ። በ1900 ሴፕቴምበር ላይ ቴክሳስ ውስጥ የምትገኘው የጋልቨስተን ደሴት በአውሎ ነፋስ ተመታች። ቢያንስ 6,000 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ከተማው 5 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ግንብ በባሕሩ በኩል ሠራ። ግን በዚያ አላቆመም። ከ2,000 በላይ ሕንፃዎችን በክሪክ እያነሳ፣ ከሥራቸው ከባሕር የወጣ አሸዋ በቱቦ እየሞላ የከተማውን መሬት ራሱን ከፍ አደረገው። ግዙፍ አብያተ ክርስቲያናት ጭምር ተነስተዋል። በ1915 ሌላ ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ በከተማው የሞተው ሰው ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር ጨርሶ የሚወዳደር አልነበረም።

ታዲያ ምን ያህል ከፍታ ይበቃል? አሜሪካን ጨምሮ በብዙ ቦታ መለኪያው በማንኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ 1 በመቶ የሆነው ጎርፍ ነው። 1 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን ቤት የሚሠራው ለአንድ ዓመት አይደለም። በ30 ዓመት ውስጥ ያ ጎርፍ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ነው። በ70 ዓመት ውስጥ ደግሞ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን የሚያፈስበት ቤት በሕይወቱ ዘመን የመስጠም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ቢባል ማን ይገዛዋል? ኔዘርላንድስ የአገሪቱን ዋና የባሕር ዳር ክፍል ለረጅም ጊዜ ስትጠብቅ የኖረችው በ10,000 ዓመት አንዴ ይመጣል ተብሎ ለሚገመት የውሃ ከፍታ ነው። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

በዚያ ላይ ስሌቱ ራሱ እየተቀየረ ነው። የዓለም የባሕር ወለል ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ፍጥነቱም ጨምሮ ከ2006 ወዲህ በዓመት ወደ 4 ሚሊ ሜትር ተጠግቷል። አየሩ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ደግሞ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት ይይዛል፣ ዝናቡም ሲወርድ በአንዴ ይወርዳል። በ2017 ሃሪኬን ሃርቪ ቴክሳስ ላይ አንድ ቦታ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ሲያወርድ፣ በሂውስተን አካባቢ ከሰጠሙት ቤቶች ብዙዎቹ በካርታው ላይ የጎርፍ ቀጠና ተብለው ከተከለሉት ቦታዎች ውጭ ነበሩ። ካርታው የሚነግረን ያለፈውን ነው። ስለዚህ ደንቡ ከሚለው ቁመት ላይ ግማሽ ሜትር ወይም ሜትር መጨመር ቅንጦት አይደለም። አዲስ ቤት ሲሠራ ይሄ ጭማሪ ከጠቅላላው ወጪ ትንሽ ክፍል ነው። የተሠራ ቤትን በኋላ ማንሳት ግን ብዙ እጥፍ ይፈጃል።

ቤቱን ከፍ ካደረጉ በኋላ የሚመጣ ፈተና አለ። ከሥር ያለው ባዶ ቦታ ያጓጓል። ሰው መጀመሪያ ዕቃ ያስቀምጥበታል። ቀጥሎ ግድግዳ ያደርግለታል። ከዚያ አልጋ ያስገባል ወይም ያከራየዋል። እንዲህ ሲሆን የከፍታው ጥቅም ጠፋ ማለት ነው። ጠንካራ ግድግዳ ከሥር ከተሠራ ማዕበሉ የሚገፋው ነገር ያገኛል፣ ግፊቱም ወደ ምሰሶዎቹ ይተላለፋል። በግድ መዝጋት ካስፈለገ ውሃ የሚያስገባና የሚያስወጣ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። በአሜሪካ ደንብ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል 70 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል፣ ያውም ከመሬት ብዙ ሳይርቅና ቢያንስ በሁለት ወገን። በኦክቶበር 2024 ስፔን ውስጥ ቫሌንሲያ አካባቢ ጎርፍ ከ220 በላይ ሰው ሲገድል፣ ብዙዎቹ የሞቱት ምድር ቤትና ከመሬት በታች ባሉ የመኪና ማቆሚያዎች ውስጥ ነው። መኪናቸውን ለማውጣት የወረዱ ነበሩባቸው። ጎርፍ በሚተኛበት መሬት ላይ ሰው የሚያድርበትን ክፍል ከመንገዱ በታች መሥራት መከልከል አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ውሃው ከገባ በኋላም የሚተርፍ ቤት

ሁሉም ቤት ከፍ ሊደረግ አይችልም። የቆዩ ቤቶች አሉ፣ አቅም የሌለው ሰው አለ። እዚህ ላይ ግቡ መለወጥ አለበት። ውሃው እንዳይገባ መታገሉ ይቀርና፣ ገብቶ ሲወጣ ትንሽ ብቻ አበላሽቶ እንዲወጣ ይታሰባል። ቆጣሪውና የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ወደ ላይ ይነሳሉ። ሶኬቶች ከወለሉ አጠገብ ሳይሆን ከወገብ በላይ ይገጠማሉ። ወለሉ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ይሁን። ጂፕሰም ቦርድና ቺፕውድ ውሃ መጥጠው ስለሚያብጡ በታችኛው ክፍል ባይገቡ ይሻላል። እርጥብ ግድግዳ ላይ ሻጋታ ለማብቀል ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይበቃል። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ የፍሳሽ ቱቦውን ነው። በሩን ዘግቶ ውጭ ውጭውን ሲያይ ውሃው በሽንት ቤቱ በኩል ይመጣበታል። ቱቦው ላይ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ማስገጠም ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ የማያስቆጫችሁ ነው።

በ2012 ኦክቶበር ሃሪኬን ሳንዲ ኒው ዮርክን ሲመታ ቤልቪው የተባለው ትልቅ ሆስፒታል የገጠመው ብዙ ያስተምራል። ጄኔሬተሮቹ 13ኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። ነዳጁን ወደ ላይ የሚገፉት ፓምፖች ግን ቤዝመንት ውስጥ ነበሩ፣ ሰጠሙ። ሰዎች በደረጃው ላይ ተሰልፈው ነዳጅ እየተቀባበሉ 13 ፎቅ አወጡ። በመጨረሻ ታካሚዎቹን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ግድ ሆነ። አንድ ሕንፃ የሚቆመው በዝቅተኛው ወሳኝ ዕቃው ልክ ነው። ጄኔሬተሩን ሰቅሎ ፓምፑን መሬት መተው ምንም አለመስቀል ነው።

ውሃው ከወጣ በኋላም አንድ ጥንቃቄ አለ። ቤዝመንት የሞላውን ውሃ በችኮላ አትጨርሱት። በዙሪያው ያለው አፈር ገና ውሃ የጠገበ ነው። ውስጡ ባዶ ሲሆን የውጭው ግፊት ግድግዳውን ይንደዋል። በቀን ጥቂት ዝቅ እያደረጉ፣ የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርገው ሌሊቱን መልሶ ከፍ ማለት አለማለቱን እያዩ ማውጣት ነው ደህናው መንገድ።

ጣሪያው ከሄደ ሁሉም ሄደ

ነፋስን በአጭሩ ልለፈው። ሰው ነፋስ ጣሪያን ከላይ የሚጫነው ይመስለዋል። በእውነቱ ወደ ላይ ይስበዋል። አንድ መስኮት ወይም የጋራዥ በር ሲሰበር ነፋሱ ገብቶ ከውስጥም ይገፋል፣ ጣሪያው በሁለት ወገን ጉልበት ይነቀላል። መፍትሔው በየመገጣጠሚያው ላይ ነው። ጣሪያው በብረት ማሰሪያ ከግድግዳው፣ ግድግዳው በብሎን ከመሠረቱ ጋር ሳይቋረጥ መያያዝ አለበት። ሚስማር ብቻ አይበቃም። በአራቱም ወገን የሚያዘቀዝቅ ጣሪያ በሁለት ወገን ብቻ ከሚያዘቀዝቀው ይሻላል። ለመስኮት መከለያ ከሌለ በልኩ ተቆርጦ አስቀድሞ የተዘጋጀ ወፍራም ፕላይውድም ይረዳል።

እነዚህ ትናንሽ ብረቶች ምን ያህል እንደሚለውጡ ፍሎሪዳ አይታዋለች። በ1992 ሃሪኬን አንድሩ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን ካወደመ በኋላ ጥብቅ የግንባታ ደንብ ወጣ። ከ2002 ጀምሮ በመላው ግዛቱ ተግባራዊ ሆነ። በ2004 ሃሪኬን ቻርሊ ሲመጣ በአዲሱ ደንብ የተሠሩት ቤቶች ጉዳት ከቀድሞዎቹ በግልጽ ያነሰ ነበር። ደንቡን ያስከበረው ቁጥጥር ነው። ተቆጣጣሪ የማይሄድበት ደንብ ግን ማንንም አያድንም።

ግንቡስ?

ግንብና የአፈር ክትር ሚሊዮኖችን ይጠብቃሉ። በ1953 መጀመሪያ ኔዘርላንድስ ውስጥ ባሕሩ ክትሮቹን ሰብሮ 1,836 ሰው ከገደለ በኋላ አገሪቱ ለአሥርት ዓመታት ግዙፍ መከላከያዎችን ስትገነባ ኖራለች፣ ውጤቱም ይታያል። ግን ግንብ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ሲሰበር በአንዴ ነው። በ2005 በሃሪኬን ካትሪና ጊዜ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ከፈረሱት ግንቦች አንዳንዶቹ ውሃ በላያቸው እንኳን ሳያልፍ ነው የወደቁት። ከሥራቸው ያለው ደካማ አፈር ተንሸራተተ። ከከተማው 80 በመቶው ሰጠመ።

ሁለተኛው ችግር የሰው ነው። ግንብ ሲሠራ ከጀርባው ያለው መሬት ዋጋው ይጨምራል፣ ቤት ይበዛበታል። ቤቶቹም ከፍ አይሉም፣ ምክንያቱም ግንብ አለ። ስለዚህ ግንቡ አደጋው በየስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይቀንሳል፣ የመጣ ቀን የሚጠፋውን ግን ያበዛዋል። አሜሪካዊው የጂኦግራፊ ምሁር ጊልበርት ዋይት ይሄን በ1940ዎቹ አስጠንቅቆ ነበር። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ግንብ ማዕበሉን መልሶ ስለሚወረውር ከፊቱ ያለውን አሸዋ ያስበላል። ጋልቨስተንም ከግንቡ ፊት የነበረውን አሸዋማ ዳርቻዋን አጥታ በየጊዜው አሸዋ ለመመለስ ተገዳለች።

ግንብ ከሁሉ በላይ የምታውቀው ኔዘርላንድስ ራሷ በ1993 እና በ1995 ወንዞቿ ከሞሉ በኋላ አካሄዷን ቀይራለች። በ1995 ወደ 250,000 ሰው ከቤቱ መውጣት ነበረበት። ከዚያ ለወንዙ ቦታ መስጠት የሚል ፕሮግራም ተጀመረ። ናይሜኸን ከተማ ላይ ክትሩ 350 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ ለወንዙ ተጨማሪ መንገድ ተቆፈረ፣ ለዚህም ቤቶች መፍረስ ነበረባቸው። ሌላ ቦታ ላይ ክትሩ ዝቅ ተደርጎ የገበሬዎቹ ቤትና በረት ሰው ሠራሽ ኮረብታ ላይ ወጣ። ወንዙ ሲሞላ ሜዳው ይሰጥማል፣ ቤቶቹ ደረቅ ሆነው ይቆያሉ።

ተፈጥሮ የሠራቸው መከላከያዎችም በነፃ ያሉ ናቸው፣ ካላፈረስናቸው። የኮራል ድንጋይ ከሚያልፍበት ማዕበል ጉልበት በአማካይ 97 በመቶውን ይሰብራል። ባሕር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ደን፣ ረግረግና የአሸዋ ክምርም እንዲሁ ማዕበሉን ያደክማሉ። እነሱን መንጥሮ ሆቴል መሥራት፣ ከዚያ ለሆቴሉ ግንብ መጠየቅ በጣም ያሳዝነኛል።

መቼ ነው መነሳት ያለብን?

ቤትን ማዳንና ሰውን ማዳን አንድ አይደሉም። ባንግላዴሽ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ሳለች በ1970 በአንድ ሳይክሎን (በዚያ አካባቢ ሃሪኬን የሚጠራበት ስም ነው) ቢያንስ 300,000 ሰው አጥታለች። በ1991 ወደ 138,000 ሞቱ። በ2007 ሲድር የተባለው ኃይለኛ ሳይክሎን ሲመጣ በመንግሥት ቆጠራ የሞተው 3,400 ገደማ ነው። በመሃል የተለወጠው ማስጠንቀቂያው፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት በጎ ፈቃደኞችና በምሰሶ ላይ የቆሙት የአርማታ መጠለያዎች ናቸው። ብዙዎቹ በደህናው ቀን ትምህርት ቤት ናቸው። የሰዎቹ ቤት አሁንም ይፈርሳል። ነፍስ ግን ይተርፋል። ገንዘብ ሲያንስ መጀመሪያ የሚሠራው ይሄ ነው።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ ምንም ዓይነት ምሰሶ አይበቃውም። አሜሪካ ውስጥ በ1993 የሚሲሲፒ ወንዝ ጎርፍ ያጠፋት ቫልሜየር የምትባል ትንሽ ከተማ እንዳለች ወደ ኮረብታ ወጥታለች። አውስትራሊያ ውስጥ ግራንታም በጃንዋሪ 2011 በጎርፍ 12 ሰው አጣች። የአካባቢው አስተዳደር ከላይ ያለ መሬት ገዝቶ የጎርፍ ቦታውን ለሚለቅ በልዋጭ ሰጠ። ዓመቱ ሳያልቅ የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች አዲስ ቤት ገቡ። ሁለቱም ቦታ መዛወሩ የተሳካው ሰዎቹ አብረው ስለሄዱ፣ መሬቱ ቶሎ ስለተገኘና ማንም ስላልተገደደ ነው።

ተቃራኒውም ታይቷል። ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ ስሪላንካ ከባሕሩ 100 ሜትር፣ በአንዳንድ ቦታ 200 ሜትር ውስጥ ቤት እንዳይሠራ ከለከለች። ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባቸው ርቀው ሲሰፍሩ ሆቴሎች ግን እንዲቆዩ ተፈቀደላቸው። ቅሬታው ስለበረታ ክልከላው በኋላ ላልቷል። አደገኛ ነው የተባለ መሬት ለድሃም ለሀብታምም አደገኛ መሆን አለበት። የሚነሳ ሰው የት እንደሚሄድና በምን እንደሚኖር ሳይታወቅ ተነስ መባል የለበትም። ይሄ ደግሞ ጎርፉ ከመጣ በኋላ የሚጀመር ሥራ አይደለም። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ድንኳን ውስጥ ሆኖ ጥናት አይጠብቅም፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ከፍታ፣ ባገኘው ቆርቆሮ መልሶ ይሠራል።